በትንሽ ክፍል የሚዘፍንን የፎክ ድምፃዊ መከታተል፦ ከትኬት ፍለጋ እስከ ዝግጅቱ ማግስት

በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚገባበት ኮንሰርት ያመለጠው ሰው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ትርፍ ትኬት ሊያገኝ ይችላል። ግጥሙንና ዜማውን ራሱ ሠርቶ በአንድ ጊታር የሚዘፍን የኢንዲ ፎክ ድምፃዊ ግን ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 150 ሰው ብቻ በሚይዝ ክፍል ውስጥ ስለሚጫወት፣ ዜናውን ዘግይቶ የሰማ ሰው ትኬቱን አልቆ ነው የሚያገኘው። ቦታ ያገኘውም ቢሆን ሰዓት ተሳስቶ፣ ድምፅ በማይሰማበት ጥግ ተቀምጦ ወይም ስልኩ ጮኾ ምሽቱን ያበላሻል። ከእነዚህ ስሕተቶች መካከል እኔ ያልሠራሁት የለም፤ ከታች ያለው ቅደም ተከተልም በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። ከሥራው ግማሽ የሚበልጠው ከዝግጅቱ ቀን በፊት የሚያልቅ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ዘለው ወደ አዳራሹ አይሂዱ።

ደረጃ 1፦ ዜናውን ከምንጩ የሚያገኙበትን መንገድ ያበጁ

የድምፃዊውን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ መከተል ብቻውን አይበቃም። እነዚህ ገጾች ጽሑፍን በወጣበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በራሳቸው ስሌት ስለሚያሳዩ፣ የትኬት ማስታወቂያው ዓይንዎ ሥር የሚደርሰው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማለትም ከረፈደ ሊሆን ይችላል።

1. በድምፃዊው ድረ ገጽ ላይ ለኢሜይል ዜናው ይመዝገቡ። ከተመዘገቡ በኋላ የሚላከውን የማረጋገጫ መልእክት ከፍተው ሊንኩን ካልነኩ ምዝገባው ላይጸና ይችላል። መልእክቱን በዋናው ሳጥን ካላገኙት ስፓም ውስጥ ይፈልጉት፤ ካገኙትም በኋላ የላኪውን አድራሻ በእውቂያዎችዎ ውስጥ ያስቀምጡት። እኔ ለስምንት ወር ያህል ምንም ዜና ባይደርሰኝ ድምፃዊው ዕረፍት የወጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ትኬት ቀድሞ ለመግዛት የሚያስችሉ ሦስት የቅድመ ሽያጭ ኮዶች ስፓም ውስጥ ተደርድረው ኖረዋል።

2. የኮንሰርት ቀኖችን በሚያሳውቁት በሶንግኪክ ወይም በባንድስኢንታውን ላይ ድምፃዊውንና ሊጓዙባቸው የሚችሉትን ከተሞች ይመዝግቡ። ሁለቱንም መጠቀም አይከፋም፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል።

3. ሙዚቀኞች ሥራቸውን ለአድማጭ በሚሸጡበት በባንድካምፕ ድረ ገጽ ላይ ተከታይ ይሁኑ። ድምፃዊው ለተከታዮቹ በቀጥታ መልእክት የሚልክበት መንገድ እዚያ አለው፤ ትልልቅ አሳታሚ የሌላቸው ሙዚቀኞችም ይህን አዘውትረው ይጠቀሙበታል።

4. ድምፃዊውን ብቻ ሳይሆን ክፍሎቹንም ይከተሉ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ትንንሽ አዳራሾች የወሩን ዝግጅታቸውን አንዳንድ ጊዜ ከድምፃዊው ቀድመው ያወጣሉ። በናሽቪል የሚገኘው ብሉበርድ ካፌ 90 ያህል ወንበሮች ብቻ ያሉት ክፍል ነው፤ በሳራቶጋ ስፕሪንግስ ያለው ካፌ ሊና ከ1960 ጀምሮ፣ በካምብሪጅ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ክለብ ፓሲምም ክለብ 47 ይባል ከነበረበት ከ1958 ጀምሮ ፎክ ሙዚቃን ሲያስተናግዱ ኖረዋል። እንዲህ ያሉ ቦታዎች የራሳቸው የኢሜይል ዜና አላቸው፤ አባል ለሆነ ሰው ትኬት ቀድመው የሚሸጡም አሉ።

5. በመኖሪያ ቤት ሳሎን የሚደረጉ ዝግጅቶችን ለማግኘት ለብቻው ይመዝገቡ። በ2009 ለንደን ውስጥ የተጀመረው ሶፋር ሳውንድስ ለምሳሌ ትክክለኛውን አድራሻ ቀኑ ሲቃረብ ብቻ ለተመዘገቡት ይልካል፤ ማን እንደሚዘፍንም በአብዛኛው አስቀድሞ አይናገርም። ስለዚህ አንድን የተወሰነ ድምፃዊ ለማግኘት ሲሉ ወደዚያ አይሂዱ፤ ሌላ ሰው ሊገጥምዎት ይችላልና።

ደረጃ 2፦ ቀኑንና ሰዓቱን በትክክል ያንብቡ

በትኬት ላይ 04/05 ተብሎ ሲጻፍ በአሜሪካ ኤፕሪል 5 ማለት ነው፣ በአብዛኛው የአውሮፓ አገር ደግሞ ሜይ 4። ሁለቱ በአንድ ወር ያህል ይራራቃሉ። ትኬቱን ከመግዛትዎ በፊት የሳምንቱ ዕለት አብሮ ተጽፎ እንደሆነ ይዩ፤ ዕለቱና ቀኑ በካሌንደር ላይ ካልተገጣጠሙ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው አንብበውታል ማለት ነው። በተመሳሳይ መንገድ 19:00 ወይም 7:00 ፒኤም የሚለው ከምሽቱ 1 ሰዓት መሆኑን አይርሱ፤ 7 ቁጥርን አይቶ ሰባት ሰዓት ብሎ በስልኩ የመዘገበ ሰው አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ በር የሚከፈትበትንና ዘፈን የሚጀመርበትን ሰዓት ይለዩ። በትኬቱ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የበሩ ሰዓት ነው። በር ከምሽቱ 1 ሰዓት ከተከፈተ፣ መክፈቻው ድምፃዊ 2 ሰዓት ገደማ፣ ዋናው ደግሞ 3 ሰዓት ገደማ መድረክ ላይ ሊወጣ ይችላል። ይህ ግን የክበቦችና የአዳራሾች ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። የሳሎን ዝግጅት በተባለው ሰዓት ይጀምራል፤ መክፈቻ የሚባል ድምፃዊም ላይኖር ይችላል። እኔ በአንድ ሳሎን ዝግጅት ላይ «ዋናው መቼም ከ3 ሰዓት በፊት አይወጣም» ብዬ ተዝናንቼ ስደርስ፣ በሩን የከፈተችልኝ ሴት ጣቷን በከንፈሯ ላይ አድርጋ ነበር፤ የቀረው አንድ ዘፈን ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ በዝግጅቱ ቀን ከሰዓት በፊት ለአዳራሹ ደውለው ወይም ጽፈው ይጠይቁ። አብዛኞቹ አዳራሾች የዕለቱን የመድረክ ሰዓት ሳይደብቁ ይነግራሉ።

ደረጃ 3፦ ትኬቱን ይግዙ

ሽያጩ ከመጀመሩ ከአንድ ቀን በፊት

በሚሸጠው ድረ ገጽ ላይ አካውንት ይክፈቱ፤ ስምዎን በመታወቂያዎ ላይ እንዳለው ይጻፉ፤ የክፍያ ካርድዎን ያስገቡ። ባንክዎ ለእያንዳንዱ ክፍያ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልክ ከሆነ፣ ቁጥሩ የሚመጣበት ስልክ በሰዓቱ እጅዎ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ትኬት ከሚያመልጣቸው ሰዎች ብዙዎቹ ትኬቱን ቅርጫት ውስጥ አስገብተው፣ ቁጥሩን እየጠበቁ ሳለ የያዙት ቦታ ጊዜው አልፎ የሚለቀቅባቸው ናቸው።

በሽያጩ ሰዓት

1. የሽያጩ ሰዓት የተጻፈው ዝግጅቱ በሚደረግበት ከተማ ሰዓት መሆኑን አስልተው፣ 15 ደቂቃ ቀድመው ይግቡ።
2. በአንድ መስኮት ብቻ ይጠብቁ። ተራ ማስጠበቂያ ገጽ ከመጣ ገጹን ደጋግመው አያድሱ፤ ማደስ በብዙ ድረ ገጾች ላይ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመልስዎታል።
3. የቅድመ ሽያጩን ኮድ በእጅ ከመተየብ ከኢሜይሉ ላይ ቀድተው ይለጥፉ፤ ከፊትና ከኋላው ባዶ ቦታ ተቀድቶ ከሆነ ግን «ኮዱ ልክ አይደለም» ይልዎታልና ያጥፉት።
4. አራት ትኬት ፈልገው አልቋል ካለዎት፣ ወዲያው በሁለት ወይም በአንድ ይሞክሩ። በትንሽ ክፍል ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ነጠላ ወንበሮች ናቸው።

አልቋል ከተባለ

ተስፋ አይቁረጡ፤ ነገር ግን ወደ ማንኛውም ሻጭም አይሩጡ። መጀመሪያ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ይመዝገቡ። ቀጥሎ በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ የአዳራሹን ገጽ ጠዋትና ማታ ይመልከቱ፤ ለእንግዶችና ለቡድኑ ተይዘው የነበሩ ቦታዎች ካልተፈለጉ የሚለቀቁት በዚያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ ብቻዎን ሆነው በር ሲከፈት እዚያው ይገኙና በትሕትና ይጠይቁ። በእኔ ልምድ በዝናብ ቀን ይህ መንገድ በጣም ይሠራል፤ የገዛው ሁሉ አይመጣምና።

ከግለሰብ የሚገዙ ከሆነ የትኬቱን ስም ማዛወር በሚቻልበት በይፋዊው የመልሶ መሸጫ ገጽ ብቻ ይግዙ። «ስክሪንሾት እልክልሃለሁ» የሚል ሻጭ ሲያጋጥምዎት ይተዉት፤ አንድን ስክሪንሾት ለአሥር ሰው መሸጥ ይቻላል። ከዚህም በላይ አንዳንድ የዲጂታል ትኬቶች፣ ለምሳሌ ቲኬትማስተር ከ2019 ጀምሮ የሚሰጣቸው፣ ባርኮዳቸው በየጊዜው የሚለዋወጥ ስለሆነ ስክሪንሾታቸው በር ላይ አይሠራም። እርስዎም የራስዎን ትኬት ፎቶ በደስታ ብዛት አይለጥፉ፤ ባርኮዱን አይቶ የሚቀድምዎት አይጠፋም።

ደረጃ 4፦ ለዕለቱ የሚያስፈልገውን ያዘጋጁ

ትኬቱን ኢንተርኔት በሌለበት እንዲከፈት አድርገው በስልክዎ የዋሌት መተግበሪያ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ምድር ቤት ባለ ክፍል ውስጥ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ አይገባም። መታወቂያ ይያዙ፤ መጠጥ የሚሸጥባቸው ቦታዎች የዕድሜ ገደብ አላቸው። ትልቅ ቦርሳ አይያዙ። የሚንኮሻኮሽ የላስቲክ ጃኬትም አይልበሱ፤ በስታዲየም ማንም የማይሰማው ያ ድምፅ በ40 ሰው ክፍል ውስጥ እጅዎን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ከሦስት ረድፍ በፊት ያለው ሰው ይሰማዋል።

የጆሮ መከላከያ ይያዙ ስል ለፎክ ሙዚቃ የተጋነነ ሊመስል ይችላል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ጥናት ተቋም ያስቀመጠው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ስሌት 94 ዴሲቤልን መስማት የሚፈቀደው ለ1 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤልን ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ እዚህ አይደርሱም። መክፈቻው ከበሮ ይዞ ከመጣ ወይም የቀረዎት ወንበር ከድምፅ ማጉያው ሥር ከሆነ ግን ይደርሳል። የስፖንጁ ዓይነት ቀጭን ድምፆችን አብዝቶ ስለሚቆርጥ ግጥሙን ያደበዝዛል፤ ለሙዚቀኞች የሚሠራው ድምፁን በአንድነት ዝቅ ያደርገዋል።

ደረጃ 5፦ የሚቀመጡበትን ቦታ ይምረጡ

በመጀመሪያ ዓይንዎን ወደ መድረኩ ግራና ቀኝ ይላኩ። ድምፅ ማጉያ ካለ፣ ከፊት ያለው ረድፍ መካከል ላይ የሚመስለውን ያህል ጥሩ አይደለም፤ ከማጉያዎቹ የሚወጣው የዘፋኙ ድምፅ በጎንና በጎንዎ ያልፍና፣ እርስዎ የሚሰሙት ጊታሩን ብቻና ለዘፋኙ ወደ ኋላ የዞረውን ትንሽ ማጉያ ይሆናል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ረድፍ መካከሉን ይያዙ። ምርጫ ካጡ ሚክሰሩ ወዳለበት ይጠጉ፤ የድምፅ ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እሱ ቆሞ በሚሰማው መጠን ነውና።

ድምፅ ማጉያ ከሌለ ግን ምርጫው አንድ ነው፣ ወደ ፊት መቅረብ። በተንጣለለ ሜዳ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በክፍል ውስጥ ግድግዳው የተወሰነውን ይመልሰዋል፣ የግጥሙን ጥርት ያለ ቃል ግን አይመልሰውም።

ከዚያም ከእነዚህ ይራቁ፦ ከበሩ፣ ከመጠጥ መሸጫው፣ ከቡና ማሽኑ፣ ከማቀዝቀዣው። ማቀዝቀዣውን ለብቻው የማነሣው በምክንያት ነው። ሞተሩ ሲነሣ የሚያሰማው እምምታ እንደ አገሩ የኤሌክትሪክ መስመር 100 ወይም 120 ሄርዝ አካባቢ ሲሆን፣ በተለመደው ቅኝት የጊታር አምስተኛ ክር 110 ሄርዝ ነው። አንድ ምሽት እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ከጀርባዬ ሆኖ፣ ድምፃዊው ያንን ክር ለብቻው በአውራ ጣቱ በነካ ቁጥር ሁለቱ ድምፆች እየተጋጩ ሲወዛወዙ ሰማሁ፤ ከእኔ ወንበር ሦስት ርምጃ ወደ ፊት የተቀመጡት ሰዎች ምንም አልተሰማቸውም። ቦታዎን ከያዙ በኋላ ይህ ቢደርስብዎ፣ መክፈቻው እንዳበቃ ባለው ዕረፍት ይነሡና ቦታ ይለውጡ ወይም አስተናጋጁን ያነጋግሩ።

ደረጃ 6፦ ዘፈኑ ሲጀመር

ታይኒ ዴስክ የተባለው፣ ሙዚቀኞች ቢሮ ውስጥ የሚዘፍኑበት የአሜሪካው የሕዝብ ራዲዮ የኤንፒአር ዝግጅት በ2008 የተጀመረው በጫጫታ ምክንያት ነው። የራዲዮው ቦብ ቦይለንና ባልደረባው ስቲቨን ቶምፕሰን በኦስቲን የፎክ ድምፃዊቷን ላውራ ጊብሰንን ሊሰሙ ሄደው ወሬኛው ሕዝብ ድምፅዋን ስለዋጠባቸው፣ ቢሮ መጥተሽ ጠረጴዛ ላይ ብትዘፍኚልን ይሻላል ተብሎ በቀልድ የተነገረው ነገር እውን ሆነ። በትንሽ ክፍል ውስጥ የአድማጩ ዝምታ የድምፅ መሣሪያው አካል ነው ብለው ይያዙት።

1. ስልክዎን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት። ቫይብሬት ዝምታ አይደለም፤ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው ራሱ ከበሮ ይሆናል።
2. ማሳልና መጠጥ መጎንጨት ካለብዎ ድምፃዊው ጊታሩን ሲቃኝ ይጠቀሙበት። ብዙ የፎክ ጊታሪስቶች ዳድጋድን የመሰሉ፣ ከተለመደው የተለዩ ቅኝቶችን ስለሚጠቀሙ በዘፈኖች መካከል ክሮቻቸውን ያላላሉ፣ ያጠብቃሉ፤ ይህም ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሲቃኝ እያወራ ከሆነ ግን ታሪኩም የዝግጅቱ ክፍል ነውና ይስሙት።
3. የመጨረሻው ክር ድምፅ ሳይሞት አያጨብጭቡ። እጁ ከክሮቹ ላይ ሲነሣ ወይም ቀና ሲል ያውቁታል።
4. ካልተጋበዙ አብረው አይዝፈኑ። ግጥሙን ቢያውቁት እንኳ ጎረቤትዎ የመጣው የእርስዎን ድምፅ ሊሰማ አይደለም።
5. ለመውጣት ከተገደዱ በጭብጨባው መሐል፣ በግድግዳው ጥግ ይውጡ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ስልክዎ ቢጮኽ ይዘውት ወደ በሩ አይሩጡ፤ የጎኑን ቁልፍ አንዴ ይጫኑ፣ ድምፁ ይቆማል፤ ከዚያ ባሉበት ያጥፉት። ጎረቤትዎ ቢያወራ በዘፈኑ መካከል «ዝም በሉ» አይበሉ፤ የእርስዎ ሹክሹክታ ሌላ ወሬ ይሆናል። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ዞረው ይዩት፣ ቀጥሎ በዘፈኖች መካከል በለሰለሰ ቃል ይጠይቁት፣ ካልሆነ ለሠራተኞቹ ይተዉት። ድምፃዊው ግጥም ቢጠፋው፣ «ማን ያስታውሰኛል?» ካላለ በስተቀር አይጩኹለት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዙር ጊታሩን መትቶ ራሱ ያገኘዋል። ክር ቢበጠስ ወይም መብራት ቢጠፋ ከቦታዎ አይነሡ፤ ከማይክሮፎን ርቆ ወደ ሰዉ ገብቶ የሚዘፍነው በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው።

ደረጃ 7፦ መቅረጽና ማስታወሻ መያዝ

ከመቅረጽዎ በፊት ፈቃዱን ይጠይቁ ወይም በሩ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። ተፈቅዶ ከሆነ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጉ፣ ፍላሹን ያጥፉ፣ ስልኩን ከደረትዎ በላይ አያንሡ፣ በአንድ ዘፈንም ይብቃዎት። ገና ያልታተመ አዲስ ዘፈን ከቀረጹ ለራስዎ ያስቀምጡት እንጂ አይልቀቁት፤ ድምፃዊው ግጥሙን ገና እየለወጠው ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት አርካይቭ ከ2002 ጀምሮ ያለው የቀጥታ ሙዚቃ ክምችት እንኳ የሚቀበለው የፈቀዱ ሙዚቀኞችን ቅጂ ብቻ ነው።

እኔ ከቀረጻ ይልቅ ትንሽ ደብተርና እርሳስ እመርጣለሁ። በጨለማ ሳያዩ ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ መስመር ይጻፉ፤ ርዕሱን ካላወቁ የመጀመሪያውን ሐረግ። በማግስቱ ዝርዝሩን በየኮንሰርቱ የተዘፈኑ ዘፈኖች በሚመዘገቡበት በሴትሊስት ዶት ኤፍኤም ላይ ካለው ጋር ያስተያዩት፤ ከሌለም እርስዎ ያስገቡት።

ደረጃ 8፦ ከዝግጅቱ በኋላ በመሸጫው ጠረጴዛ

አልበም ለመግዛት ካሰቡ እዚያው ከእጁ ይግዙ፣ ጥሬ ገንዘብም ይያዙ፤ የካርድ ማሽን ኔትወርክ ሲያጣ ሰልፉ ሁሉ ይቆማል። ዘግይተው ባንድካምፕ ላይ ከገዙም አይከፋም፤ ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከዕቃ ሽያጭ ደግሞ 10 በመቶ ይይዛል፤ ከክፍያ ማስፈጸሚያው ወጪ በኋላ የቀረው የሙዚቀኛው ነው። ሸክላ ከገዙ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ አይተዉት፣ ይጣመማል። ካስፈረሙበትም ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁና ነው ወደ ላስቲኩ የሚመልሱት።

ሲያነጋግሩት አንድ ነገር ይምረጡና በአጭሩ ይናገሩ፤ ከኋላዎ ሰልፍ አለ፣ እሱም ድምፁን ለነገ ማሳረፍ አለበት። «ያንን የድሮውን ለምን አልዘፈንክም?» የሚለውን ቤትዎ ይተዉት። ፎቶ ከፈለጉ ካሜራውን ከፍተው ይዘጋጁና ይጠይቁ። ወደ መኪናው ወይም ወደ ማረፊያው ፈጽሞ አይከተሉት። የሳሎን ዝግጅት ከሆነም የቤቱን አድራሻ በየትም ቦታ አይጻፉ፤ የሰው መኖሪያ ነው።

ደረጃ 9፦ ከከተማ ከተማ መከተል ካሰቡ

ሁሉንም ምሽት አይግዙ። ሁለት ወይም ሦስት ምሽት በመካከላቸው ክፍተት አድርገው፣ የተለያየ ዓይነት ክፍሎችን ይምረጡ፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ አዳራሽ ቢሆን ያው ዘፈን እንዴት እንደሚለወጥ ይሰማሉ። የጉዞ ትኬት የሚገዙት የዝግጅቱን ትኬት ከያዙ በኋላ ብቻ ይሁን፤ ማረፊያውም ቢሰረዝ ገንዘብ የሚመልስ ዓይነት ይሁን። ብቻውን የሚዘፍን ሰው ጉሮሮው ሲታመም የሚተካው የለም፤ ዝግጅቱ ሲሰረዝ አዘጋጁ የሚመልሰው የመግቢያውን ዋጋ እንጂ የመንገድዎን ወጪ አይደለም። ወደ ሌላ ቀን ከተዛወረ ደግሞ ትኬቱ ብዙውን ጊዜ ለአዲሱ ቀን ይሠራል፤ መሄድ ካልቻሉ ገንዘብ የሚመለስበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ኢሜይሉ በደረሰዎት ዕለት ይጠይቁ። የመጨረሻውን የመመለሻ ተሽከርካሪ ሰዓትም አስቀድመው ይወቁ፤ ተጨማሪ ዘፈን ሲጠየቅ ሰዓት እያዩ መቀመጥ ያሳዝናል።

ደረጃ 10፦ መሄድ ካልቻሉ በቀጥታ ስርጭት

ሰዓቱን ወደ ዩቲሲ፣ ማለትም ወደ ዓለም አቀፉ የመነሻ ሰዓት ቀይረው ያስሉ። አሜሪካ ሰዓት በአንድ ወደ ፊት የሚገፋበትን የበጋ ሰዓቷን የምትጀምረው በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ አውሮፓ ግን በማርች የመጨረሻው እሑድ ነው፤ በመኸርም አውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ስታበቃ አሜሪካ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ትቆያለች። በእነዚህ ሳምንታት በአሜሪካና በአውሮፓ መካከል የለመዱት የሰዓት ልዩነት በአንድ ሰዓት ይዛነፋል።

ከተቻለ ኮምፒውተሩን በኬብል ያገናኙ፣ በሄድፎን ይስሙ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ገብተው ሊንኩ መከፈቱን ይሞክሩ። ምስሉ ቢቆራረጥ በቅድሚያ የምስሉን ጥራት ዝቅ ያድርጉ፤ ድምፁ እስካልተቋረጠ ድረስ ምስሉ ቢደበዝዝ ግድ የለም። ካልተሻለ ገጹን አንዴ ያድሱ፣ ከዚያም በስልክ ኢንተርኔት ይሞክሩ። ይህም ካልሠራ የስሕተቱን መልእክት ስክሪንሾት አንሥተው ለሻጩ ይጻፉ፤ ድጋሚ ማየት የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ጊዜ እንዲያራዝሙልዎ ወይም ገንዘቡን እንዲመልሱልዎ በዚያው ሌሊት ይጠይቁ።